በርገር ሼፍ ወይስ ሃዋርድ ጆንሰንስ፦ የትኛው ይበልጥ ይናፍቃል?

ሁለቱም የአሜሪካ የምግብ ቤት ሰንሰለቶች ነበሩ፤ ሁለቱም ዛሬ የሉም። ሃዋርድ ጆንሰንስ ብርቱካናማ ጣሪያ ያለው የአውራ ጎዳና ምግብ ቤት ነበር። 28 ዓይነት አይስክሬሙ ለምርጫ ግራ ያጋባ ነበር። የመጨረሻው ቤት እስከ 2022 (እ.ኤ.አ.) ቆይቷል።

በርገር ሼፍ ግን በ1982 የሌላው የበርገር ሰንሰለት የሃርዲስ ባለቤት ለሆነው ኩባንያ ተሸጦ በ1996 ጨርሶ ጠፋ። የኔ ልብ ወደ እሱ ያደላል። ምክንያቱ "ወርክስ ባር" ነው። ትኩስ በርገርህን ይዘህ ወደ መደርደሪያው ትሄዳለህ። ቲማቲሙን፣ ሽንኩርቱን፣ ሰላጣውን እንዳሻህ ትከምራለህ። ማንም ቆጥሮ አይሰጥህም! ለልጆችም በ1973፣ ከማክዶናልድስ "ሃፒ ሚል" ቀድሞ፣ መጫወቻ ያለው ምሳ አቅርቧል። ሃዋርድ ጆንሰንስ ጋ ተቀምጠህ ትስተናገዳለህ። ደስ ይላል፤ ግን በርገር ሼፍ ሳህኑን ላንተ ይለቅልህ ነበር።