አክቲቭ ወርክቡክ ወይስ ዚስ ወርክቡክ?

ደብረ ብርሃን ውስጥ የእህል መጋዘን ሒሳብ በኤክሴል እሠራለሁ። ከደነባና ከእነዋሪ የሚመጣውን የጤፍና የስንዴ መዝገብ አንድ ማክሮ (ኤክሴል ውስጥ ሥራን በራሱ የሚያከናውን ኮድ) ይሰበስበዋል። ይኸው ማክሮ ጠዋት ይሠራል፤ ከሰዓት "ስህተት 9" (የተጠራው አልተገኘም ማለት ነው) ብሎ ቀጥ ይላል። ኮዱን ደግሞ ማንም አልነካውም።

ጥፋቱ ያለው ኮዱ ውስጥ "አክቲቭ ወርክቡክ" (ActiveWorkbook) በሚለው ላይ ነው። እሱ የሚይዘው በዚያች ቅጽበት ከፊት ያለውን ፋይል ነው። የእነዋሪን መዝገብ ለማየት ከፍታችሁ ማክሮውን ካስነሳችሁት፣ "ጠቅላላ" የሚለውን ሺት እዚያ ውስጥ ይፈልጋል። ከየት ያምጣው? የባሰው ተመሳሳይ ስም ያለው ሺት ሲያገኝ ነው። ስህተት ሳያሳይ በሌላ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ሺቱን የየትኛው ፋይል እንደሆነ ሳትናገሩ ብትጠሩትም ያው ነው።

"ዚስ ወርክቡክ" (ThisWorkbook) ግን ማክሮው የተጻፈበትን ፋይል ብቻ ይይዛል። ከፊት ምንም ቢከፈት ንቅንቅ አይልም። ለእንዲህ ያለ ሥራ እኔ እሱን ነው የምመርጠው። አክቲቭ ወርክቡክ የሚያስፈልገው ማክሮው በግል የማክሮ ፋይል (ኤክሴል ሲከፈት አብሮ በሚከፈተው) ተቀምጦ፣ ፊት ለፊት ያለውን ፋይል ሁሉ እንዲያገለግል ሲፈለግ ነው።

ማክሮው ሌላ ፋይል ሲከፍትስ? የተከፈተውን ወዲያው በቫሪያብል (ኮዱ ውስጥ በምትሰጡት መጠሪያ) ያዙት፤ ከዚያ በኋላ በዚያው ስም ብቻ ጥሩት።