ራዲያተር ሲያፈስ ምን ልግዛ? ማኒኮቶ፣ ኤፖክሲ ወይስ መድፈኛ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስንሄድ፣ ኮሶዬ ሳንደርስ የሙቀት መለኪያው ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ዳር ይዤ መኪናውን አጠፋሁት። ኮፈኑን ስከፍት ከላይኛው ማኒኮቶ (የራዲያተሩ የጎማ ቱቦ) ጫፍ፣ ከፋሸታው (ቱቦውን ጠፍሮ ከሚይዘው ብረት) ሥር፣ አረንጓዴ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ዙሪያውን ነጭ ቅርፊት ይዞታል። እንዲህ ያለ ቅርፊት በአንድ ቀን አይመጣም፤ ማፍሰስ ከጀመረ ሰንብቷል ማለት ነው። አብሮኝ ያለው ዘመዴ «መድፈኛ ጨምርበትና እንሂድ» አለ። እኔ ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅሁና ፋሸታውን በካቻቢቴ ሁለት ዙር አጠበቅሁት። ቆመ።

ስለዚህ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የሚያፈስበትን ቦታ እወቁ። ማታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት ጠብታው ከፊት ከሆነ ራዲያተሩን፣ በቺንጋው (ሞተሩ በሚያዞረው ቀበቶ) በኩል ከሆነ የውሃ ፖምፑን ጠርጥሩ። ቀለምም ሽታም የሌለው ንጹሕ ውሃ ከሆነ የኤሲ ውሃ ነው፤ አትጨነቁ። ውጭ ምንም ሳይፈስ ውሃው እየጎደለ ጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ካበዛ ግን ነገሩ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ሊሆን ይችላል። ለዚህ ምንም አትግዙ፤ መኪናውን ለመካኒክ አሳዩ።

ማኒኮቶና ፋሸታ የመጀመሪያ ምርጫዬ ናቸው። ጥገናው እውነተኛ ጥገና ነው፤ ተሠርቶ ያልቃል። ማኒኮቶውን ሲበርድ በእጃችሁ ጨመቅ አድርጉት። እንደ ስፖንጅ ከላላ ወይም ከተሰነጣጠቀ ቀይሩት። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ጎን ለጎን አስተያዩ። ቀጥ ያለ ጎማ ገዝቶ በግድ ማጠፍ አይበጅም፤ መታጠፊያው ላይ ተጨፍልቆ ውሃውን ያንቃል። ፋሸታ ሁለት ዓይነት ነው። በቪቴ የሚጠብቀው በየሱቁ ይገኛል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን እንደገና መጥበቅ ይፈልጋል። ከፋብሪካ የሚመጣው የስፕሪንግ ፋሸታ ጎማው ሲሞቅና ሲበርድ አብሮት ይሰፋል፣ ይጠባል። እሱ ካልዛገ አትጣሉት። የራዲያተሩ አፍ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ከልክ በላይ አታጥብቁ፣ ይሰነጠቃል።

ኤፖክሲ (ከሁለት ቱቦ ተደባልቆ የሚጠነክር ማጣበቂያ) ለተሰነጠቀ የፕላስቲክ ጋን (የራዲያተሩ ውሃ መያዣ) ወይም ለትንሽ የአሉሚኒየም ቀዳዳ ነው። ሥራው የሚበላሸው በችኮላ ነው። ውሃውን ቀንሱ፣ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ ቅባቱን በቤንዚን ጥረጉና በደንብ አድርቁት። ሁለቱን ቱቦ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ደባልቃችሁ ቀቡ። የሚደርቅበትም ጊዜ እዚያው ተጽፏል። ብዙዎቹ ሙሉ በሙሉ ለመጠንከር 24 ሰዓት ይፈልጋሉ። ስንጥቁ ፕላስቲኩና አሉሚኒየሙ በሚገናኙበት መስመር ላይ ከሆነ ግን አይዝም፤ ሁለቱ ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም። እኔ ኤፖክሲን ሌላ ራዲያተር እስክገዛ ብቻ ነው የማምነው። በኤፖክሲ የተያዘ ራዲያተር ይዤ ሊማሊሞን አልወጣም። የድሮ የመዳብ ራዲያተር ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ እሱ በሊድ ይበየዳል።

ጠርሙስ መድፈኛ ቀላሉ ነው፣ ከፍቶ መጨመር ብቻ። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነገር ይደፍናል። ችግሩ መድፈኛው የቱ ቀዳዳ ጥፋት እንደሆነ አይለይም፤ ቀጫጭኖቹን የራዲያተርና የማሞቂያ ቱቦዎችም ሊደፍን ይችላል። ወደ መተማ ቆላ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው አንድ ጠርሙስ መያዝ አይከፋም። ከተማ ውስጥ ለሚነዳ ግን አልመክርም። ደግሞ አንዱ አልሠራም ብላችሁ ሁለተኛ አትጨምሩ።

ሰው የሚረሳው ዕቃ የራዲያተር ክዳን ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ስለሚበልጥ ውሃ እዚህ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የብዙ መኪና ሞተር ደግሞ በ90 አካባቢ ነው የሚሠራው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው በክዳኑ የሚታፈነው ግፊት ነው። 0.9 (የግፊቱ መጠን በባር) የተጻፈበት ደህና ክዳን መፍያውን ወደ 115 ገደማ ያደርሰዋል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግን ምንም ሳይቀደድ ውሃ ያስተፋል። ስትቀይሩ አሮጌው ላይ ያለውን ቁጥር፣ 0.9 ይሁን 1.1፣ ያንኑ ግዙ። ሞተሩ ትኩስ ሳለ ግን ክዳኑን በፍጹም አትንኩት።

ኩላንትን በተመለከተ፣ ወፍራሙን (ያልተበረዘውን) ከገዛችሁ ብዙውን ጊዜ ከውሃ ጋር እኩል ለእኩል ይደባለቃል፤ የተዘጋጀው ግን ውሃ አይጨመርበትም። እዚህ ውሃ በረዶ አይሆንም ብላችሁ በቧንቧ ውሃ ብቻ አትንዱ፤ ኩላንት ዝገትንም ይከላከላል። አሮጌውን ስትቀንሱ ከሥር ባልዲ አድርጉ። ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻ ይልሰዋል፤ መርዝ ነው፣ ይገድላል። ልጆች ባሉበት ግቢ ባልዲውን ክፍት ትታችሁ ዞር አትበሉ።