ጃማይካ ለጫጉላ የምትሄዱ፣ ከሆቴሉ በፊት ሾፌር ያዙ

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከዓመት በፊት ነው። ሠርጋችን ቅዳሜ ጥር 17 ቀን 2017 ነበር፤ እሑድ መልስ፣ ሰኞ ጠዋት ሹሩባዬ እንኳን ሳይፈታ ከባልቲሞር ወደ ሞንቴጎ ቤይ በረርን። ወፍራም ካፖርት ለብሰን ተነሥተን፣ አራት ሰዓት ገደማ በርረን ስንወርድ ካፖርቱን የምንጥልበት አጣን። ተመልሰን ሥራ ስንጀምር «ዛሬ ማታ እጽፋለሁ» እያልኩ ይኸው እስካሁን።

የማመሰግነው አንድ ሰው ነው፤ ሞንቴጎ ቤይ የቱሪስት መኪና የሚነዳ፣ ስድሳን አለፍ ያለ ሰው። «ስልኬንም ስሜንም አደባባይ አታውጪው» ስላለኝ አልጽፈውም። እኛ ሳምንቱን ሙሉ «ጋሼ» እያልን ነው የጠራነው። በስሜ ጥሩኝ ሲለን ባለቤቴ አፉ እምቢ አለው፤ አባቱን የሚያክል ሰው በባዶ ስሙ እንዴት ይጥራ? ትርጉሙን ስንነግረው ከት ብሎ ሳቀ፤ በማግስቱ ነዳጅ ማደያ ላይ ቀጂውን «ከዛሬ ጀምሮ ጋሼ በለኝ» ሲለው ሰማነው።

የተገናኘነው በችግር ነው። ከኤርፖርት ሆቴል የሚያደርሰንን መኪና ከዚሁ ሆነን በኢንተርኔት ከፍለን ነበር። ሳንግስተር ኤርፖርት ወጥተን ስማችን የተጻፈበት ወረቀት ብንፈልግ የለም። ስንደውል «ሱን ከም» ይሉናል። ቃሉ «አሁን ይመጣል» ማለት ነው፤ በተግባር ግን የእኛው «መጣሁ» ነው፣ ገና ሻወር ቤት ሆኖ «ደርሻለሁ» የሚለው ሰው ዓይነት። ሻንጣችን ላይ ተቀምጠን አንድ ሰዓት ተኩል አለፈ። አጠገባችን የሌላ ሰው ስም የያዘ ወረቀት ይዞ የቆመ ሰውዬ ነበር። የእሱም እንግዶች በረራ አምልጧቸው ኖሯል። ከየት ናችሁ አለን፤ ኢትዮጵያ አልነው። ኮፍያውን አወለቀ። «የእኔ እንግዶች ቀርተዋል፣ የእናንተም መኪና ቀርቷል። ታዲያ ማንን ነው የምንጠብቀው?»

ባለቤቴ ተጠራጣሪ ነው፤ ፈቃድህን አሳየኝ አለው። ጋሼ አልተቀየመም፣ እንዲያውም አስተማረን። ጃማይካ ውስጥ ሕዝብ ለማጓጓዝ የተፈቀደለት መኪና ታርጋው ቀይ ነው። ቀይ ታርጋ የሌለው ሰው «ላድርሳችሁ» ቢላችሁ የቱንም ያህል ቢያረክስ አትግቡ። የሚነዱት ደግሞ በግራ ነው፤ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የሄድኩት።

መንገድ ላይ የጃንሆይን ነገር አነሳ። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ኪንግስተን ሲያርፉ ወደ መቶ ሺሕ የሚገመት ሕዝብ ኤርፖርቱን ሞልቶት፣ አጥሩን አልፎ አውሮፕላኑ ሥር ድረስ ደርሶ፣ እሳቸውም ቶሎ መውረድ እንዳልቻሉ የሚታወቅ ነው። ጋሼን እናቱ አዝላው እዚያ ነበረች። «እኔ ምንም አላስታውስም፤ እሷ ግን እስክትሞት ድረስ ዝናቡ እንዴት እንደቆመ ትነግረኝ ነበር» አለ። በሆዴ ይህን ታሪክ ለየሐበሻው ሲነግር ነው የኖረው ብዬ ነበር። ለካ ኢትዮጵያዊ ጭኖ አያውቅም፤ እኛ የመጀመሪያዎቹ ነን። ባለቤቴ ሐዋሳ ነው ያደገው፤ ሻሸመኔን፣ ጃማይካ ሰፈርን ያውቃል። ከዚያ በኋላ እኔ ጨዋታው ውስጥ አልነበርኩም። ምን ይበላሉ? ይበርዳል? ልጆቻቸው አማርኛ ይናገራሉ? ሆቴሉ በር ቆመን እንኳን ጥያቄው አላለቀም ነበር።

ስለ ሆቴሉ ብዙ አልልም፤ የእጅ አምባር ያስሩላችኋል፣ ከዚያ በኋላ መብሉም መጠጡም የተከፈለበት ነው። ባሕሩ ሥዕል ይመስላል፣ አሸዋው ነጭ ነው፣ አልጋው ላይ በፎጣ የተሠሩ ሁለት ዳክዬዎች ነበሩ። የክፍላችን አጽጂ እጇ ይባረክ። ችግሩ ሽርሽሮቹ ናቸው። ሎቢው ላይ ያለው የአስጎብኚ ዴስክ የሚያስከፍለው በሰው ነው፣ የሚወስዳችሁ በአውቶቡስ ነው፣ አውቶቡሱ ደግሞ እናንተን ከወሰደ በኋላ አምስት ሆቴል ይዞራል። ጋሼ በመኪና ነው የሚያስከፍለው፤ ኦቾ ሪዮስ ደርሰን ለመመለስ ለሙሉ ቀን 180 ዶላር ከፍለነዋል። የመግቢያ ትኬት ለብቻው ነው። ለአራት ሰው ከሆናችሁማ አስቡት።

ረቡዕ ጾሜ ነው። ባለቤቴ «ሙሽራ አይጾምም» ብሎ ሕግ ሊያወጣልኝ ሞክሮ ነበር። ሆቴሉ ውስጥ ያለው ቡፌ ደግሞ ቅቤ ያልነካው ነገር የለውም፤ ጠዋት ሐብሐብ በልቼ ወጣሁ። (ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አንጀምር።) ለጋሼ ሥጋም ወተትም እንቁላልም እንደማልበላ ስነግረው አልገረመውም፤ «አይታል ነዋ!» አለ። አይታል ራስታዎች የሚበሉት ነው፣ ሥጋ የሌለበት። ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነች አንዲት ቤት አቆመ። በኮኮናት ወተት የተሠራ ዱባ፣ ካላሉ የሚሉት ጎመን፣ ቀይ ባቄላ በሩዝ፣ የተጠበሰ ፕላንቴን። ያገኘሁት የጾም በያይነቱ ነው፣ እንጀራው ብቻ ነው የቀረው። ጨው የለበትም፤ እውነተኛ አይታል ጨው አይገባበትም አሉ። ባለቤቴ ጨው ጠይቆ ሴትዮዋ ያየችውን አስተያየት እስካሁን ይተርከዋል።

የዚያን ቀን ከሰዓት ማርታ ብሬ ወንዝ ላይ በቀርከሃ ታንኳ ሄድን። ዘጠኝ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ለሁለት ሰው መቀመጫ ያለው፣ ቀዛፊው ፊት ቆሞ በረጅም እንጨት የሚገፋው ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ከመልስ ማግስት ለደከመ ሰው እንቅልፍ ነው፤ እኔ ተኛሁ። እንድንተኛ ያደረገን ደግሞ ጋሼ ነው፣ ለማታ ሌላ ነገር ስላሰበልን። ወንዙ ፋልማውዝ የምትባል ከተማ አጠገብ ከባሕር ሲገናኝ የሚያበራ ሐይቅ አለ። ጨዋማውና ጨው አልባው ውኃ በሚደባለቁበት፣ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን አሉ፤ ሲነኳቸው ያበራሉ። ጋሼ ቀኑን የመረጠው ሰማዩን አይቶ ነው፣ ጨረቃ የለችምና። «ሙሉ ጨረቃ ላይ የሚመጣ ሰው ገንዘቡን ባሕር ውስጥ ይጣለው፤ ምንም አያይም» አለን። ሎቢው ላይ ያሉት ግን ቀኑን አይመርጡም፣ በየምሽቱ ነው የሚሸጡት።

ጀልባው መብራቱን አጠፋ። ባለቤቴ ዘሎ ገባ፤ ዙሪያው በሰማያዊ ብርሃን ተነቀነቀ፣ እግሩን ሲያራግብ ከሥሩ ጢስ የሚመስል ብርሃን ይወጣል። እኔ ዋና አልችልም፤ ከጀልባው ጎን ተንበርክኬ እጄን እስከ ክርኔ ነከርኩ። ዝም ስል ጨለማ ነው። ጣቶቼን ሳንቀሳቅስ ጓንት ያጠለቅኩ መሰለ። ሳወጣው ብርሃኑ ጠብታ ጠብታ ሆኖ በክንዴ ላይ ወርዶ ጠፋ። ፎቶ አይወጣውም፤ አትልፉ።

ደንስ ሪቨር ፏፏቴ የሄድነው በማግስቱ ነው። 180 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው በደረጃ በደረጃ ወደ ባሕሩ የሚወርድ ፏፏቴ ነው፣ ሰው ተያይዞ ከታች ወደ ላይ ይወጣዋል። ጋሼ በሐበሻ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ነበር። ለምን በዚህ ሌሊት? ስንል የመርከቦቹን መርሐ ግብር ያውቀዋል፤ የዚያን ቀን ኦቾ ሪዮስ ወደብ ላይ ትልልቅ የመንገደኛ መርከብ ይገባል። በሩ ሲከፈት ገብተን ወጥተን፣ ልብስ ስንቀይር ወረፋው ውጭ ድረስ ተጠማዞ ነበር። የውኃ ጫማም ከቤቱ ይዞልን መጥቷል፤ እዚያ በር ላይ የሚያከራዩት አያስፈልጋችሁም አለ። የሚስቱ ጫማ አንድ ቁጥር ይሰፋኛል፣ ቢሆንም አልወደቅሁም።

ስንመለስ መንገድ ላይ ጀርክ ዶሮ በልተናል። በስኮች ቦኔት ቃሪያ ነው የሚያሹት፣ በፒሜንቶ እንጨት ጢስ ነው የሚያበስሉት። ባለቤቴ «ሚጥሚጣ ላይ ያደገ ሰው ነኝ» ብሎ ጨምሩልኝ አለ። ከዚህ በላይ አልጽፍም፣ ቤቴን አልበትንም።

ናይን ማይል ተራራ ላይ ናት፤ ቦብ ማርሊ የተወለደባትም የተቀበረባትም መንደር ናት። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ጉድጓዱም ብዙ ነው። ቦብ ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት በእኛው ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ይስሐቅ እጅ ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተብሏል፤ ግንቦት 1973 ላይ የተሸኘውም በእኛው ሥርዓት ነው። ይህን አውቀው ነበር፣ ግን መቃብሩ ቤት ሲገባ ጫማ እንደሚወለቅ አላውቅም ነበር። ጫማዬን ሳወልቅ እጄ ራሱ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ የመልስ ነጠላዬን አወጣ። ባለቤቴ «ቤተ ክርስቲያን መሰለሽ እንዴ?» አለኝ። መሰለኝ፤ ምን ላድርግ።

ያንን ነጠላ ስንመለስ ብርቱካን የገዛንባት የመንገድ ዳር ሱቅ ወንበር ላይ ረሳሁት። ያወቅሁት ሆቴል ገብቼ ማታ ነው። አያቴ ናት ለሠርጌ ብላ ጥለቱን መርጣ ያሠራችልኝ። እያለቀስኩ ደወልኩለት። «ሱን ከም» አለኝ። ተስፋ ቆረጥኩ።

የሆነውን ኋላ ነው የሰማነው። ባለሱቋን ሴትዮ ጋሼ አያውቃትም፤ የሚያውቃት ሰው ግን ያውቃል። እሷ ለታክሲ ሾፌር ሰጠች፣ ታክሲው ለሌላ ታክሲ፣ ያ ደግሞ ሞንቴጎ ቤይ ላለ የአጎቱ ልጅ። ልክ እኛ አገር በአውቶቡስ ሾፌር እቃ እንደሚላከው። በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ፤ ሆቴሉ በር ላይ ነኝ፣ ጥበቃው አላስገባ ብሎኛል አለ። (ስድስት ቀን ስንወጣና ስንገባ ያየውን ሰው! ይህንን ለሆቴሉ በጽሑፍ ነግሬያለሁ።) በነጠላ ጫማ ሮጬ ወጣሁ። ነጠላው ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በፕላስቲክ ከረጢት ታጥፎ ነበር፤ ባለቤቱ ሌሊት ናት ያጠበችው። ገንዘብ ብንሰጠው እምቢ አለ። የተቀበለን አማቴ ሻንጣ ውስጥ የከተተችውን ዳቦ ቆሎ ብቻ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እየነዳ እጁን ወደ ኋላ ሲዘረጋ ነው የከረመው።

ጉድለቱንም ልናገር፣ ኋላ ለማሞገስ ብቻ ነው የመጣሽው እንዳትሉኝ። ወሬው አያልቅም፤ ዝም ብላችሁ ተቃቅፋችሁ መሄድ ከፈለጋችሁ ንገሩት፣ አይከፋውም። የመኪናው ኤሲ ከኋላ ደካማ ነው። ከሽርሽር ቀን ውጭ ቀጠሮው ላይ ሩብ ሰዓት ጨምሩ።

አሁን የምጽፈው ለምን እንደሆነ ደግሞ ይኸውላችሁ። ጥቅምት 18 ቀን 2018 ሜሊሳ የተባለው አውሎ ነፋስ፣ ምድብ 5 ሆኖ፣ ጃማይካን በምዕራብ በኩል መታ። ዜናውን ሳይ መልእክት ላክሁለት፤ አልደረሰም። በየቀኑ እልካለሁ፣ አንድ ምልክት ብቻ። በአሥራ አንደኛው ቀን መለሰ፦ «ጣሪያው ሄዷል፣ ሰው ሁሉ ደኅና ነው። መኪናዋም ደኅና ናት። ልጁ መቼ ነው የሚመጣው?» ልጅ እንዳለ ማን እንደነገረው አላውቅም፤ እኔ እንኳን ካወቅሁ ገና ሦስት ሳምንቴ ነበር።

ጣሪያውን ቆርቆሮ አልብሶታል፣ ግን እንግዳ ቀንሷል። ሆቴሎቹ ቀስ በቀስ ተከፍተዋል፤ የትኛው ቦታ እንደተከፈተ፣ የትኛው መንገድ እንደሚያስኬድ ከማንም በላይ እሱ ያውቃል። ዘንድሮ የምታገቡ፣ ወይም ከዓመታት በኋላ ለሁለታችሁ ብቻ ዕረፍት የምታስቡ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ቁጥሩን እሰጣችኋለሁ። የማን እንግዳ ናችሁ ሲላችሁ «የነጠላዋ ልጅ» በሉት።

ዳቦ ቆሎም ያዙለት። በርበሬ ያለበትን ነው የሚመርጠው።