የእማዬን ቦይለር አስጠገንን፣ የአክስቴን ጣልን

ፍርዱን ከፊት ላስቀምጠው። የእማዬን 80 ሊትር ቦይለር አስጠገንን። የአክስቴን ግን አውርደን አዲስ ገዛን። ሁለቱም አሥር ዓመት አልፏቸዋል፣ ሁለቱም ያስቸገሩት በአንድ ክረምት ነው፣ ሁለቱንም ያየው አንድ ባለሙያ ነው። ውሳኔው ለምን እንደተለያየ ነው የምጽፈው። ምክንያቱም ሱቅ ስትገቡ የምትሰሙት "አሮጌ ነው፣ ቀይሩት" ነው፣ ሠራተኛ ስትጠሩ ደግሞ "ይሠራል፣ ችግር የለም"። ሁለቱም ቦይለሩን ሳይከፍቱት ነው እንዲህ የሚሉት።

የእማዬ ቤት አቃቂ በኩል ነው። መጀመሪያ ውሃው ለብ ብቻ ማለት ጀመረ። ቀጥሎ ሲሞቅ የመንተክተክ ድምፅ አመጣ። በመጨረሻ ማብሪያው ሲነካ ብሬከሩ ጧ ብሎ ይወርዳል። አንድ የሳኒተሪ ሱቅ ገብቼ ይህንኑ ስነግረው ባለሱቁ ሳያስጨርሰኝ "እህቴ፣ እሱ አልቆለታል። አዲሱ መብራትም ይቆጥብልሻል" አለኝ።

መብራት ይቆጥባል የምትለዋ ነገር ብዙ ሰው ታስገዛለች፣ ግን እስቲ እንያት። 80 ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 65 ዲግሪ ለማድረስ 4.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። ቦይለሩ አዲስ ሆነ አሮጌ፣ ውሃው የሚፈልገው ሙቀት ያው ነው። ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ውሃውን የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ብረት፣ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ስለሚሠራ የሚወስደውን ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉንም ለውሃው ይሰጣል። ባለ 1500 ዋት ከሆነ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፣ አዲስ ብትገዙም በዚያው ዋት ያው ሦስት ሰዓት ነው። ልዩነት የሚመጣው ሙቀቱን ይዞ በማቆየት ላይ ነው፣ ማለትም በቆርቆሮውና በታንከሩ መካከል ባለው ፎም። እሱም የሚታወቀው ቦይለሩን ሌሊትም ቀንም ሳያጠፋ ለሚተው ሰው ነው። እማዬ ደግሞ ከመታጠቧ በፊት አብርታ፣ ስትጨርስ የምታጠፋ ሴት ናት። የመብራት ታሪፉ ከ2017 መግቢያ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ ይህቺ ልማዷ ከየትኛውም አዲስ ቦይለር የበለጠ ትጠቅማታለች።

ወደ ባለሙያው ልመለስ። ሰፈር ውስጥ በሰው በሰው ያገኘነው ወጣት ነው። እመጣለሁ ካለበት ሰዓት በጣም አርፍዶ መጣ፣ ይቅርታም አላለም፣ ይሄ ነጥብ ያስቀንስበታል። ሥራ ሲጀምር ግን ሌላ ሰው ሆነ። ብሬከሩን አወረደ፣ በቴስተር መብራት አለመኖሩን አረጋገጠ፣ ውሃውን በጎማ ወደ ሽንት ቤቱ አፈሰሰ፣ ከዚያ ከታች ያለውን ክዳን በብሎኖቹ ፈትቶ ሬዚስታንሱን መዞ አወጣው። እማዬ "ወይ ጉድ!" አለች። ሬዚስታንሱ ነጭ ኖራ ለብሶ ወፍሯል፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ተሰንጥቋል። ከታንከሩ ሥር በእፍኝ የሚዛቅ ቅርፊት ወጣ። ያ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ ይደርሰዋል፣ የከርሰ ምድር ውሃ ማዕድን ይበዛበታል፣ ሲሞቅ ደግሞ ማዕድኑ ሬዚስታንሱ ላይ ይጋገራል። የተጋገረበት ሬዚስታንስ ሙቀቱን ለውሃው ቶሎ ማስተላለፍ ስለማይችል ራሱን ያቃጥላል። ብሬከሩን የሚጥለውም በስንጥቁ የገባው ውሃ ነው።

ከሬዚስታንሱ ጎን አንድ ቀጭን ሽቦ ብቻ ቀርቶ ነበር። ልጁ ለእማዬ አሳያትና "ማዘር፣ ይሄ መጀመሪያ አውራ ጣት የሚያክል ዘንግ ነበር" አላት። የማግኒዥየም ዘንግ ነው። ሥራው መበላት ነው። አብዛኛው የቦይለር ታንከር ብረት ሆኖ ከውስጥ በኢናሜል፣ ማለትም መስታወት በመሰለ ልባጥ፣ የተለበጠ ነው፣ ልባጡ ላይ ትንሽ ክፍተት ብትኖር ዝገቱ እዚያ ከመጀመሩ በፊት ማግኒዥየሙን ይበላል። ዘንጉ ሲያልቅ ተራው የታንከሩ ነው። በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ እየታየ መቀየር ያለበት ዕቃ ነው፣ እኛ አገር ግን ቦይለር ገዝቶ ስለዚህ ዘንግ የሰማ ሰው አንድም አላጋጠመኝም። ሻጮቹም አይነግሩም።

ቀጥሎ ያደረገው ነገር ነው ለእኔ ዋናው። የስልኩን መብራት በቀዳዳው አስገብቶ የታንከሩን ውስጥ አየ፣ እኔንም አሳየኝ። ኢናሜሉ እንዳለ ነው፣ ዝገት የለም። "ታንከሩ ጤነኛ ስለሆነ ማስጠገን ያዋጣል" አለ። ሬዚስታንሱን፣ ዘንጉንና የጎማ ማሸጊያውን ቀየረ። ሙቀቱን የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት ለካውና ደህና ነው ብሎ መለሰው። መቀየር አለበት ቢለኝ እከፍል ነበር፣ እውነቱን ለመናገር የማውቅበት መንገድ የለኝም። ዕቃውም የእጅ ዋጋውም ተደምሮ አዲስ ቦይለር ከሚጠየቅበት ሩብ እንኳ አልሞላም። ደረሰኝ አልሰጠም፣ መታጠቢያ ቤቱንም አጨቅይቶት ነው የሄደው። ውሃው ግን ይፈላል።

የአክስቴ ጉዳይ ሌላ ነው። ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። የእሷ ቦይለር ውሃ ያሞቃል፣ ብሬከርም አይጥልም፣ ግን ከሥሩ ይንጠባጠባል። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ይደናገራል፣ ምክንያቱም ከቦይለር ሥር ውሃ ማየት ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 80 ሊትሩ እስኪሞቅ ድረስ ከአንድ ሊትር በላይ ይጨምራል፣ ያ ትርፍ ግፊት በሚያስተነፍሰው በሴፍቲ ቫልቩ በኩል ጠብ ጠብ እያለ ይወጣል። እየሞቀ እያለ ብቻ ከሴፍቲ ቫልቩ ጫፍ የሚንጠባጠብ ከሆነ ተዉት። በፍጹም እንዳትደፍኑት፣ ደፍነውት ታንከር ያስፈነዱ አሉ። ከክዳኑ ዙሪያ የሚመጣ ከሆነ ማሸጊያው ነው፣ ርካሽ ነገር ነው። የአክስቴ ግን ፕላስቲኩ ሲነሳ ክዳኑ ደረቅ ነው፣ ውሃው የሚመጣው ከውጪው ቆርቆሮና ከፎሙ መካከል ነው፣ ያውም ቡኒ ሆኖ። ታንከሩ ተበስቷል ማለት ነው።

አንድ ጎረቤት "ጋራዥ ወስዳችሁ አስበየዱት" አለ። አይሆንም። ብየዳው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ኢናሜሉ ይቃጠላል፣ ከጎኑ ደግሞ ሌላ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ታንከሩም ግፊት ተሸክሞ የሚኖር ዕቃ ነው። ልጁም አላመነታም፣ "አክስት፣ ለዚህኛው ገንዘብዎን አያውጡ" አላት። ሥራ ማግኘት ሲችል ነው ይህን ያለው። ለዚህ ነው አርፍዶ መምጣቱን ይቅር ያልኩት።

አዲስ መግዛቱ ያማል። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። መጀመሪያ አክስቴ ታንከር የሌለውን፣ ውሃው እያለፈ የሚሞቅበትን ልትገዛ አስባ ነበር። ትንሽ ነው፣ ያምራል፣ ግን 5500 ዋቱ 25 አምፔር ይስባል። ኤሌክትሪክ ምጣድ ተሰክቶ ሻወር ሊከፈትበት ነው? የቤቱ መስመር አይችለውም። ሶላር ግቢና የራስ ጣሪያ ላለው ሰው ጥሩ ነው፣ ክረምት ላይ ቢዳከምም። የኮንዶሚኒየም ጣሪያ ግን የጋራ ነው፣ ከኮሚቴ ጋር ስብሰባ የሚወድ ይሞክረው። በመጨረሻ 50 ሊትር ታንከር ያለው ገዛን። ለሁለት ሰው ይበቃል፣ ቶሎም ይሞቃል።

ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ያለውን ስም ብቻ አትዩ፣ ፎርጂድ ሞልቷል። ዘንጉ መኖሩን ጠይቁ፣ መለዋወጫ ሬዚስታንስ እዚያው ሱቅ ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ። ባለሱቁ ካቅማማ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ሲሰቀል ደግሞ ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ተራ ፊሸር አይበቃም፤ 80 ሊትሩ ውሃ ሲሞላ ከመቶ ኪሎ በላይ ነው፣ ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ክፍት ነው። የአክስቴ 50 ሊትርም ቢሆን ግድግዳውን በስቶ ከወዲያ ማዶ በሚወጣ ብሎን ነው የታሰረው።

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር አንድ ነገር ልጨምር። ሴፍቲ ቫልቩ ውስጥ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዝ ነገር አለ። እሱ ከተበላሸ መስመሩ ሲደርቅ የቦይለሩ ውሃ ተመልሶ ይወርዳል፣ ቦይለሩ ባዶውን ሲበራ ሬዚስታንሱ በደቂቃዎች ይቃጠላል። አዲስ የገዙትን በሳምንቱ ተቃጠለ የሚሉ ሰዎች መጀመሪያ ይህቺን ያስፈትሹ። ኧርዙንም፣ ማለትም የሾለከ መብራት ወደ መሬት የሚወስደውን ሽቦ፣ እግረ መንገዳችሁን አስፈትሹ። ሻወር ስር ውሃው ከነዘራችሁ ግን የጥገና ዋጋ አታስሉ፣ ብሬከሩን አውርዳችሁ ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ ውሃ በድስት አሙቁ።

ለባለሙያው ከ10 8 እሰጣለሁ። ለሱቁ 3፣ ሳያይ ስለፈረደ። ለአዲሱ ቦይለር ገና ነው፣ ዘንጉን በዓመቱ አስከፍተን ስናየው ቁጥር እሰጠዋለሁ። የዋስትና ወረቀቱን አንብቤዋለሁ፣ ዘንጉ በጊዜው ካልተቀየረ ታንከሩ በዋስትና አይሸፈንም ይላል፣ በጣም በደቃቅ ፊደል። አሮጌውን ቆራሌው ወሰደው፣ አክስቴ ዋጋው ላይ እስካሁን ትጨቃጨቃለች።