ገላን መንገድ ላይ ያለው ፌሮ መሸጫ፦ ሚዛኑ በር ላይ ነው

ቤት እየሠራችሁ ፌሮ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን የብረት መሸጫ ሳታዩ ገንዘባችሁን አትክፈሉ። ከአስፋልቱ ገባ ያለ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው፤ ገና በሩ ላይ የወለል ሚዛን ታያላችሁ። ይህን ቤት የምወደው በዚያ ሚዛን ምክንያት ነው።

ብዙ ቦታ ፌሮ በቤርጋ (በዘንግ) ተቆጥሮ ይጫናል፤ ውፍረቱ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ነው ከተባለ ባለ 12 ነው ብሎ መክፈል ተለምዷል። እዚህ ግን ሚዛን ላይ የሚሠራው ልጅ «ቲቸር፣ ከክምሩ እርስዎ ራስዎ ያውጡ፤ እኔ ከመረጥኩማ ምኑን መዘኑት?» አለኝ። ከመሐል አንዱን ሳብኩ። 12 ሜትር ርዝመት ያለው ቤርጋ 10.5 ኪሎ ሆነ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ውፍረቱን በሚሊ ሜትር በራሱ አባዝታችሁ ለ162 ስታካፍሉት የአንድ ሜትሩን ኪሎ ታገኛላችሁ። ለባለ 12፣ ሙሉው ቤርጋ 10.66 ኪሎ መሆን አለበት። ትንሽ መጉደል ከፋብሪካም ስለሚመጣ አያስጨንቅም። ወደ 9 ኪሎ ከወረደ ግን የገዛችሁት ባለ 11 ነው፤ ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆንም ከብረቱ 16 በመቶው የለም ማለት ነው። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) አምጥታችሁም አትድከሙ፤ ፌሮው ላይ ያሉት ጉብታዎች ልኩን ያዛባሉ።

በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ግንባታ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼንም ወደዚህ ግቢ አምጥቻቸዋለሁ። ባለቤቱ ጋሼ ሥራ አስፈታችሁብኝ አላሉም፤ ጭራሽ አግዳሚ ወንበር አስወጡልን። አንዷ ተማሪ «ብረት ሳይኖር ፎቅ በምን ይቆም ነበር?» ብላ ጠየቀች። በግድግዳ! ግድግዳው የላዩን ሁሉ ስለሚሸከም፣ ፎቅ በተጨመረ ቁጥር ከታች እየወፈረ ይሄዳል። ቺካጎ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1891 ያለቀው ባለ 16 ፎቁ ሞናድኖክ የቆመው በጡብ ግድግዳ ነው፤ ከታች ውፍረቱ 1.8 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በሜትር ዘርግቼ መሬት ላይ አሳየኋቸው፤ ዝም ብለው አዩት። አንድ ክፍል የሚያህል ቦታ በግድግዳ ተበልቷል እኮ!

እዚያው ከተማ ግን ዊልያም ለባሮን ጄኒ ባለ 10 ፎቁን የሆም ኢንሹራንስ ሕንፃ በ1885 በብረት አጽም ላይ አቁሞት ነበር። ጭነቱን በአብዛኛው ኮለን (ቋሚው ምሰሶ) እና ቢም (አግዳሚው ተሸካሚ) ተቀብለው ወደ መሠረቱ ያወርዱታል፤ ግድግዳው ቀለለ፣ መስኮቱም ሰፋ። ለዚህ ያበቃው ቀደም ብሎ፣ በ1856፣ ሄንሪ ቤሰመር ያወጣው ዘዴ ነው፤ በቀለጠ ብረት ውስጥ አየር እየነፋ ትርፉን ካርቦን ማቃጠል ቻለና ስቲል (አረብ ብረት) ረከሰ። በ1931 ኒውዮርክ ላይ ኢምፓየር ስቴት 381 ሜትር ደረሰ።

የእኛ ሰፈር ቤት የሚሠራው በአርማታ፣ ማለትም ፌሮ በገባበት ኮንክሪት ነው። ኮንክሪት ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት ይሰነጠቃል። ድንጋይም እንደዚያው ነው፤ አክሱም ላይ ወድቆ የተሰባበረውን 33 ሜትር ሐውልት ያየ ሰው ይገባዋል። ሶሌታው (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) ወደ ታች ሲጎብጥ ከሥሩ ያለውን መሳብ የሚይዘው ፌሮው ብቻ ነው። ሁለቱ በሙቀት የሚለጠጡት በተቀራራቢ ልክ ስለሆነ ተያይዘው ይኖራሉ። ታዲያ በሚዛን የጎደለው ብረት ከኪሳችሁ ብቻ ሳይሆን ልጆቻችሁ ከሚተኙበት ሶሌታ ላይም ጎድሏል። ይህን ሳስብ በጣም ይከነክነኛል።

ቅሬታም አለኝ። ፌሮውን ከሥሩ እንጨት ሳያደርጉ አፈር ላይ ይከምሩታል፤ በክረምት ጭቃ ይለብሳል። ላዩን የነካ ቀላል ዝገት ችግር የለውም፤ ጭቃና እየተቀረፈ የሚወርድ ዝገት ግን ኮንክሪቱ ብረቱን እንዳይጨብጥ ያደርጋል። ሳይጠረግ እንዳይገባ።

ስታፋ (የኮለኑን ፌሮዎች ዙሪያውን የሚያቅፈውን ቀለበት) ያጥፉላችኋል፤ ያለ እሳት፣ በማጠፊያ ጠረጴዛ ላይ መሥራታቸው ትክክል ነው። ጫፉን ግን ካልነገራችኋቸው በ90 ዲግሪ ይተዉታል። ወደ ውስጥ ገብቶ 135 ዲግሪ እንዲሆን ጠይቁ፤ መሬት ሲንቀጠቀጥ ስታፋው ተከፍቶ ኮለኑን እንዳይለቅ የሚያደርገው ያ ጫፍ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባም ተሰምቷል፣ ስለዚህ ችላ የሚባል ነገር አይደለም። እኔ ስነግራቸው ያለ ምንም ንትርክ አስተካክለውልኛል።

ዋጋው ከሌላው አይረክስም። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት የቆረጣ ወረፋው ረጅም ነው። ባለ 16ና ከዚያ በላይ የምትገዙ ከሆነ ረጅም መኪና ይዛችሁ ሂዱ ወይም በልኩ አስቆርጡት፤ ለጭነት ብለው ለሁለት ካጠፉት በኋላ ሳይት ላይ መልሶ ማቃናት ብረቱን ይጎዳዋል።