ምጣድ በቴሌግራም ገዛሁ፣ እማዬ ግን አንኳኩታ አየችው

ቴሌግራም ላይ ዕቃ ለጥፎ «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚል ሻጭ ያናድደኛል። ዋጋ ምን ያሳፍራል? ኢንቦክስ ገብታችሁ «ስንት ነው?» ስትሉት ደግሞ መልሱ «ሰፈር የት ነው?» ነው። ሰፈራችሁን ሰምቶ ሊቆርጥላችሁ።

ስለዚህ የኤሌክትሪክ ምጣዳችን ሲቃጠል (9 ዓመት አገልግሏል፣ አላማውም) ኦንላይን የመግዛት ሐሳብ አልነበረኝም። ቅዳሜ ገበያ ልወርድ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ግን «እስቲ መጀመሪያ ይቺን እያት» ብላ ሊንክ ላከችልኝ። የቤት ዕቃ ብቻ የሚሸጥ፣ እዚሁ ባህር ዳር ያለ ቻናል ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ማስታወቂያ እንዳይመስል፣ ደግሞም ከታች የማነሳው ቅሬታ አለኝ።

ገብቼ ሳይ በየፎቶው ሥር ዋጋው አለ፣ ስፋቱ አለ፣ ዋቱ አለ፣ ስንት ፍሬ እንደቀረም ተጽፏል። ያለቀው ላይ «አልቋል» ይላል። በቃ ይኸው ነው። ይቺን ታህል ነገር ለማድረግ ምን ይከብዳል እያልኩ ወደ ታች ስወርድ ግማሽ ሰዓት አለፈ። ፎቶዎቹ ግን አያምሩም፤ ጨለም ያሉ ናቸው፣ አንዱ ላይ የሻጯ የራሷ ጥላ ወድቆበታል። እኔን አላስጨነቀኝም። ከኢንተርኔት የተወሰደ የሚያብረቀርቅ ፎቶ ከማይ ጥላ የወደቀበትን የራሷን ዕቃ ባይ ይሻለኛል።

ባለ 3800 ዋቱን ምጣድ መርጬ «እፈልገዋለሁ» አልኳት። ማታ መለሰች። «ሶኬትሽን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ።»

ሶኬቴን? ላክሁላት። ተራ ባለ 16 አምፒር ሶኬት ነው። «ይሄ በ220 ቮልት ቢበዛ 3500 ዋት አካባቢ ነው የሚችለው፣ ምጣዱ ደግሞ ከዚያ በላይ ይስባል፤ ሶኬቱ ይቀልጥብሻል፣ የድሮውም የተቃጠለው በዚሁ ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሪና ወፍራም ገመድ ከነብሬከሩ ለብቻው ያስገባልሽ፣ ከዚያ ትገዢኛለሽ» አለችኝ። አንድም ስህተት የሌለው ትንፋሽ የሚያሳጥር መልእክት። ልትሸጥልኝ ስትችል አልሸጥም ያለችኝ የመጀመሪያዋ ነጋዴ ናት። አራት ቀን ጠበቀችኝ፤ ዕቃውንም አስቀምጣልኝ ነበር።

ከአዲስ አበባ ርካሽ ያገኘሁም ነበር። ግን አስቡት፣ ሸክላ በአውቶቡስ ተጭኖ የአባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ 500 ኪሎ ሜትር ያህል መጥቶ፣ ተሰንጥቆ ቢገኝ ለማን ልመልሰው ነው?

ዕቃው የመጣው በባጃጅ ኮንትራት፣ ከአባይ ማዶ ቀበሌ 14 ድረስ በ150 ብር ነው። ግንቦት 2016 በተመረቀው፣ 380 ሜትር በሚረዝመው ድልድይ ስለሚሻገሩ የድሮው ወረፋ የለም። ምጣዱ በፍራሽ ስፖንጅ ተጠቅልሎ ከኋላ ወንበር ላይ እንደ ሰው ተቀምጧል። አክምባሎው ደግሞ በሹፌሩ እግር ሥር።

ክፍያው ዕቃውን ካዩ በኋላ ነው። በቴሌብር ላክሁና ስክሪኑን ለሹፌሩ አሳየሁት። «እሱን አላይም እህቴ፣ እሷ ትደውልልኛለች» አለኝና ቆመ። ትንሽ ቅር አለኝ፣ ሌባ የተባልሁ መሰለኝ። ኋላ ስጠይቃት ነው የገባኝ፤ የተላከ የሚያስመስል ስክሪንሹት እየሠሩ ዕቃ የሚወስዱ አሉ፣ እሷም ሁለቴ ተበልታለች። አሁን ከ127 የሚመጣው መልእክት በራሷ ስልክ ካልገባ ሹፌሩ ዕቃውን አይሰጥም። ልክ ናት። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሲጀምር «ስልክ ውስጥ ያለ ብር ብር አይደለም» ስትል የነበረችው እማዬ እንኳን በዚህ ተስማማች።

እንግዲህ ወደ ቅሬታው። እማዬ ምጣዱን ወለል ላይ አስቀምጣ በጣቷ አንጓ አንኳኳችው። መሀሉን፣ ከዚያ ዳሩን፣ ዙሪያውን ሁሉ። ደህና ሸክላ ጥርት ብሎ ይጮሃል። በአንድ በኩል ግን ድምፁ ዷ ብሎ ቀረ። «ይቺ ውስጧን ታማለች» አለች። እኔ ምንም አይታየኝም። የስልኬን መብራት አብርቼ በጎን ሳየው ከዳሩ የተነሳ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ፣ ርዝመቱ ስንዝር ይሆናል።

ፎቶና ቮይስ ላክሁ። መልስ የለም። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት! እማዬ በዚህ መሀል «ብርሽን በላችው» ብላ ቡናዋን አፍልታ ጨርሳለች። ለካ ሴትዮዋ ቀን ቀን ዕቃ ስታመጣና ስታደርስ ስልክ አታይም፣ የምትመልሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው። ይሁን፣ ሰው ናት፤ ግን እሱን ቻናሉ አናት ላይ መጻፍ ምን ይከብዳል? ዋጋ ሳትደብቅ የምትመልስበትን ሰዓት መደበቅ አይገባኝም። አንድ ኮከብ የቀነስሁባት እዚህ ላይ ነው።

ስትመልስ ግን «አንቺ ጋ ነው የተሰነጠቀው» አላለችም። እኔ ለዚያ ክርክር ነበር የተዘጋጀሁት። «አላሟሸሽውም አይደል? እንዳታሟሺው፣ ነገ ይቀየራል» ብቻ ነው ያለችው። በማግስቱ ከሰዓት ያው ባጃጅ ሌላ ይዞ መጣ፣ የመመለሻውን ሒሳብ እሷ ቻለች። እማዬ ስልኩን ቀማችኝና «የኔ ልጅ፣ አንቺስ አንኳኩተሽ አታዪም?» አለቻት። «እማማ ሙት፣ ከዛሬ ጀምሮ ሳላንኳኳ አልልክም» አለች።

አዲሱን በጎመን ዘር አሟሽተን በሦስተኛው ቀን ጋገርን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት እንጀራዎች ተያያዙ፣ ከዚያ በኋላ ዓይኑ ወጣ። ሙቀቱ ዳሩ ላይ ትንሽ ይቀንሳል፤ ሰፋ አድርጋችሁ የምትጋግሩ ከሆነ ልብ በሉ። ዋጋው ቅዳሜ ገበያ ከጠየቅሁት 300 ብር ይበልጣል። ሶኬቴን ላየችልኝ ብቻ እከፍለዋለሁ።

አንድ ያስገረመኝ ነገር አለ። ትእዛዝ ሁሉ ስልኳ ላይ ሳይሆን ደብተር ላይ ነው። የደንበኛ ስልክ ቁጥር፣ ሰፈር፣ ምን ወሰደ፣ መቼ። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ቻናሉ ዝም አለ፤ እሷ ግን ደብተሩን ገልጣ አንድ በአንድ እየደወለች ሸጠች፣ ክፍያውም በ*127# ነበር፣ ዳታ አይፈልግማ። «ኦንላይን ሱቅ» ስትባል ትስቃለች።

ደረሰኝ ግን አልሰጠችኝም። ጠይቄ ነበር፣ «በሚቀጥለው» አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ቻናሉ ላይ ቪዲዮ ለቀቀች። ሦስት ምጣድ መሬት ላይ ደርድራ በጣቷ እያንኳኳች ታሰማለች። ለእማዬ አሳየኋት። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ፣ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጥፋ።

«ሁለተኛዋን ደግማ ታንኳኳት በያት» አለችኝ፣ «ድምጿ አላማረኝም።»