ለጫጩት ኮክሲዲዮሲስ፦ አምፕሮሊየም ወይስ ሰልፋ?

በሱሉልታና በለገጣፎ ዙሪያ ክረምቱ ሲገባ ጉዝጓዙ ይረጥባል፤ ከ3 እስከ 6 ሳምንት የሆናቸው ጫጩቶች ክንፋቸውን ጥለው ደም የተቀላቀለበት ኩስ መጣል ይጀምራሉ። ይህ በአብዛኛው የአንጀት ተውሳክ የሚያመጣው ኮክሲዲዮሲስ ነው። ለሕክምናው አምፕሮሊየም ወይም ሰልፋ የሚባሉት መድኃኒቶች ይሰጣሉ።

አምፕሮሊየም ቫይታሚን ቢ1ን መስሎ ገብቶ ተውሳኩን ያስርበዋል። በሽታው ሲበረታ ባለ 20 በመቶው ዱቄት 1.2 ግራም በ1 ሊትር ውሃ ተበጥብጦ ከ3 እስከ 5 ቀን፣ ከዚያ ወደ 0.3 ግራም ዝቅ ብሎ ለ1 ወይም 2 ሳምንት ይሰጣል። በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ፤ ሌላ ውሃ አይቅረብ። የታመመ ጫጩት መኖ ቢተውም ውሃ ይጠጣልና መድኃኒቱን ከመኖ ጋር መቀላቀል አያዋጣም። ብዙ አርቢ ለብርታት ብሎ አብሮ ቫይታሚን ያጠጣል፤ ቢ1 ካለበት ግን መድኃኒቱን ያከሽፈዋል። ቫይታሚኑ ሕክምናው እስኪያልቅ ይቆይ።

ሰልፋ በኋለኛው የመራባት ደረጃው ላይ ባለ ተውሳክ ላይ ይበረታል፤ አንዳንድ ባክቴሪያንም ይገታል። ነገር ግን ኩላሊት ይጎዳል፣ ሲረዝምም ደም ያፈሳል። 3 ቀን ተሰጥቶ፣ 2 ቀን ታርፎ፣ እንደገና 3 ቀን የሚሰጠው ለዚህ ነው። ቅሪቱ እንቁላል ውስጥ ስለሚገባ ለእንቁላል ጣይ ዶሮ አይሰጥ።

እኛ በአምፕሮሊየም ጀምሩ እንላለን። በ3 ቀን ደሙ ካልቀነሰ ኩሱን ያስመርምሩ፤ ወደ ሰልፋ የሚኬደው በሐኪም ትእዛዝ ነው። በመጠጫው ዙሪያ ያለው እርጥብ ሰጋቱራ ግን በየቀኑ ይዛቅ፤ በረኪና የተውሳኩን እንቁላል አይገድለውም።